ከጃዝ ወርክሾፑ ተመልሼ አጨዋወቴ ለምን ባሰበት?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ዕድሜዬ 19 ነው፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አልቶ ሳክስፎን ከጀመርኩ አምስት ዓመቴ ነው። ሰርግ ላይ ከባንድ ጋር እጫወታለሁ፤ ቅኝቶቹንም በደንብ አውቃለሁ። በዚህ ሰመር ለአንድ ሳምንት የጃዝ ወርክሾፕ ገብቼ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ፈተኑኝና ዝቅተኛው ኮምቦ (ትንሽ ባንድ) ውስጥ መደቡኝ። በዕድሜ የሚያንሱኝ ልጆች ከላይ ነበሩ። ‹ቢ ፍላት ብሉዝ› ተባለና እኔ ብቻ ሌላ ቦታ ጀመርኩ። አንድ አስተማሪ ደግሞ ‹ኮርዶቹ ይሄዳሉ፣ አንተ ግን አትሄድም› አለኝ። እንደዚያም ሆኖ ሳምንቱን በጣም ወድጄዋለሁ። ማስታወሻዬ 60 ገጽ ሞላ። ቤት ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ አጨዋወቴ ግን ከድሮውም ባሰ። የድሮው ሰለቸኝ፣ አዲሱ አልመጣልኝም። ጆሮዬ በቅኝት ስላደገ ጃዝ አይገባኝም ማለት ነው? ማውዝፒስ (ወደ አፍ የሚገባውን የሳክሱን ጫፍ) ልቀይር? በሚቀጥለው ዓመትስ ልመለስ ወይስ ገንዘቡን ለግል አስተማሪ ላውለው?»

መልስ፦ መጀመሪያ መታረም ያለበት «ባሰ» የሚለው ቃል ነው። ከወርክሾፑ በፊትም ሶሎህ ላይ ስህተቶች ነበሩ፤ አትሰማቸውም ነበር። አሁን ትሰማቸዋለህ። ጆሮ በአንድ ሳምንት ብዙ ይማራል። ጣትና ትንፋሽ ግን ወራት ይፈልጋሉ። አሁን የሚያስጨንቅህ በሁለቱ መሀል ያለው ርቀት ነው። እኔ ይህንን በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ከወርክሾፕ የሚመለሱ ተማሪዎቼ ላይ አየዋለሁ። አብዛኞቹ ያንተኑ ቃል ነው የሚሉኝ።

ሁለተኛው ምክንያት ሐሳብ ነው። ሰርግ ላይ ስትጫወት አታስብም። ዜማው ይመጣል፣ ጣትህ ይከተላል። አሁን ግን እያንዳንዱ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች ስብስብ) ሲመጣ «ለዚህኛው የትኛው ስኬል ነበር?» ትላለህ። መልሱን እስክታገኝ ኮርዱ አልፏል። በራሱ ይሄድ የነበረ ነገር በሐሳብ ሲመራ ለጊዜው ይደናቀፋል። ይህ ያልፋል። የሚያልፈው ግን የምታስበውን ነገር ስትቀንስ ነው። 60ውን ገጽ በአንዴ ልሥራ ካልክ አያልፍም።

ሦስተኛውን ምክንያት ተማሪዎች ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። ወርክሾፕ ላይ ከኋላህ ማን ነበር? ብዙ ጊዜ ጀማሪዎቹ ኮምቦ ውስጥ አስተማሪዎቹ ራሳቸው ገብተው ድራም ይመታሉ፣ ቤዝ ይጫወታሉ። ጥሩ ድራመር አንተ የጣልከውን ምት አንስቶ ይይዝልሃል። ጥሩ ቤዝ ተጫዋች ኮርዱ ሊቀየር ሲል በእጁ እየመራ ያደርስሃል። ግማሽ ሐሳብ ብትጫወት እንኳ ፒያኖው ተቀብሎ ይሞላልሃል። ያ ሳምንት ላይ የሰማኸው ጥሩ ድምፅ የአንተ ብቻ አልነበረም፤ የአምስት ሰው ነበር። አሁን መኝታ ቤትህ ውስጥ ከስልክ በሚወጣ ማጀቢያ ብቻህን ስትጫወት ያን ድምፅ ትጠብቃለህ። ከየት ይምጣ?

ማጀቢያው አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። አሜሪካዊው የጃዝ አስተማሪ ጄሚ ኤበርሶልድ ሶሎ የሌለበት የመለማመጃ ሸክላ ማውጣት የጀመረው በ1967 ነው (ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከዚያ ወዲህ ስንት ትውልድ ተምሮበታል። ግን ማጀቢያ አይሰማህም። ብትፈጥን አይከተልህም፣ ዝም ብትል አይጠብቅህም፣ ብትጠፋ አይፈልግህም። ጃዝ ደግሞ ግማሹ ይሄ ነው።

ስለ ምደባው ብዙ አልልም። የመጀመሪያ ቀን ፈተና ችሎታህን መመዘኛ ቢመስልም ዋና ሥራው ባንዶቹን ማዋቀር ነው። ወርክሾፕ ላይ ሳክስፎን ይበዛል፣ ቤዝና ድራም ያንሳል። አስር ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ የሚፈተሸው ኮርድ ትከተላለህ ወይ፣ ኖታ ታነባለህ ወይ፣ ዜማ በቃልህ ትይዛለህ ወይ የሚለው ነው። የአንተ ድምፅ ውበት፣ ሰርግ ላይ ሰው የምታስነሳበት ጉልበት እዚያ ወረቀት ላይ ቦታ የለውም። የሰመር ጃዝ ትምህርት ፈር ቀዳጅ ከሆኑት አንዱ ማሳቹሴትስ ውስጥ የነበረው የሌኖክስ ጃዝ ትምህርት ቤት ነው። ከ1957 እስከ 1960 በየነሐሴው ይካሄድ ነበር፤ የሚመራው ፒያኖ ተጫዋቹ ጆን ሉዊስ ነበር። በ1959 ሳክስፎን ተጫዋቹ ኦርኔት ኮልማን እዚያ የገባው በተማሪነት ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ኒው ዮርክ ሄዶ የጃዝን አካሄድ የቀየረ ሰው ነው። እዚያ ሳለ ግን አስተማሪዎቹ እንኳ በአጨዋወቱ አልተስማሙም። የአንድ ሳምንት ምደባ ስለ አንተ ይህን ያህል ነው የሚያውቀው።

ቢ ፍላት ብሉዝ ላይ የደረሰብህ ነገር ደግሞ የችሎታ ጉዳይ አይደለም። ማንም ቀድሞ ስላልነገረህ ነው። ባንድ ውስጥ ቁልፍ (ዜማው የሚቆምበት መነሻ ድምፅ) ሲጠራ የሚጠራው በፒያኖ ነው። አልቶ ሳክስ ኢ ፍላት መሣሪያ (ዶ ስትጫወት በፒያኖ ኢ ፍላት ሆኖ የሚሰማ) ስለሆነ ፒያኖው ቢ ፍላት ሲል አንተ ጂ ላይ ትጫወታለህ። ኤፍ ሲል ዲ ላይ ነህ። ሰርግ ባንድህ ውስጥ በጆሮህ ስለምትፈልገው ይህን ማወቅ አላስፈለገህም። አሁን ያስፈልግሃል። የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ 12ቱንም ቁልፎች ጽፈህ ሳክስ መያዣህ ክዳን ላይ ለጥፈው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። «ኮርዶቹ ይሄዳሉ፣ አንተ ግን አትሄድም።» ይህ ዓረፍተ ነገር ለአንተ የ60ውን ገጽ ያህል ዋጋ አለው። ምን ማለት እንደሆነ ግን አልተብራራልህም።

ጃዝ ውስጥ እንደ ጤፍ እንጀራ በየቀኑ የሚቀርብ አንድ የኮርድ ጉዞ አለ፤ ሁለት፣ አምስት፣ አንድ ይባላል። በዶ ሬ ሚ እናስበው። ሁለተኛው ኮርድ ሬ፣ ፋ፣ ላ፣ ዶ ነው። አምስተኛው ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ ነው። ቤት የሚባለው አንደኛው ኮርድ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሲ ነው። አሁን ውስጣቸውን ተመልከት። ከሁለት ወደ አምስት ሲሄድ ዶ ግማሽ ድምፅ ወርዶ ሲ ይሆናል። ከአምስት ወደ አንድ ሲሄድ ፋ ግማሽ ድምፅ ወርዶ ሚ ይሆናል። አድማጩ «ተንቀሳቀሰ፣ ቤት ገባ» የሚለው በነዚህ ሁለት ትንንሽ እርምጃዎች ነው።

ትዝታ ሜጀርን አሁን አስቀምጠው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ምን ጎደለ? ፋ እና ሲ። በትክክል ኮርዶቹ መሄዳቸውን የሚናገሩት ሁለቱ ድምፆች! ስለዚህ በሦስቱም ኮርድ ላይ ትዝታ ስትጫወት ያን ያህል የሚጎረብጥ ድምፅ አይወጣህም፤ ለዚህም ነው ስህተት መሆኑ ያልተሰማህ። ግን ኮርዶቹ ከሥርህ ሲያልፉ አንተ አንድ ቦታ ቆመህ ትታያለህ። አስተማሪው የሰማው ይህንን ነው። ጆሮህ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በአምስት ድምፅ ዓለም ውስጥ ዜማው ራሱ ነው ጉዞው፤ ከሥር የሚሄድ ኮርድ አያስፈልገውም። ጃዝ ውስጥ ደግሞ ከዜማው በታች ሌላ መንገድ አለ። አንተ ያልለመድከው ያንን መንገድ መስማት ነው። ይለመዳል።

እንዴት? በስኬል አትጀምር። ሳክሱን አስቀምጥና ዘምር። ፒያኖ ወይም ኪቦርድ ካገኘህ ሦስቱን ኮርዶች እየመታህ መጀመሪያ የግርጌውን ድምፅ፦ ሬ፣ ሶል፣ ዶ። ቀጥሎ ዶ፣ ሲ፣ ሲ። ከዚያ ፋ፣ ፋ፣ ሚ። ይህንን በድምፅህ ሳትሳሳት ማለት እስክትችል ሳክስ አታንሳ። አንድ ሳምንት ይፈጅ ይሆናል፣ ሦስትም ይፈጅ ይሆናል። ከዚያ ሳክስህ ላይ እነዚያኑ ረጃጅም ድምፆች ብቻ ተጫወት። አሰልቺ ነው። ግን የመጀመሪያውን ለውጥ የምታየው እዚህ ነው። ብሉዝ ላይም እንዲሁ አድርግ፤ አምስተኛው ባር (አራት ምት የያዘ ክፍል) ላይ ኮርዱ ወደ አራተኛው ሲሄድ ሚ ወደ ሚ ፍላት ትወርዳለች። ያቺን አንዲት ድምፅ በሰዓቷ ካስቀመጥካት ቤዝ ባይኖር እንኳ ሰው ብሉዙ የት እንደደረሰ ያውቃል።

ስለ ምትም አንድ ነገር ላክልበት፤ አልጠየቅከኝም ግን መምጣቱ አይቀርም። ችክችካ ያደገበት ሰው ለስዊንግ (ለጃዝ የሚወዛወዝ ምት) ጥሩ መነሻ አለው፤ ሁለቱም ውስጥ የሦስት ስሜት አለ። ግን አንድ አይደሉም። ስዊንግ ላይ ቤዙ በአራት ይራመዳል፣ የድራሙ ሃይ ሃት (በእግር የሚዘጋው ጥንድ ጸናጽል) ሁለትና አራት ላይ ይዘጋል። ችክችካውን እንዳለ ካመጣኸው እየከበደ ይሄዳል። ሜትሮኖምህን በዝግታ አድርገውና እያንዳንዱን ምት ሁለትና አራት ነው ብለህ ቁጠረው። በመጀመሪያው ቀን ትጠፋለህ። ግድ የለም። ደግሞም ዜማው ሲፈጥን ረጅምና አጭሩ ድምፅ እኩል ወደ መሆን ይቀርባል፤ ሁሉንም በአንድ ልክ አታወዛውዘው።

«ጆሮዬ በቅኝት ስላደገ» ላልከው የኛው ሰዎች ሕይወት መልስ ይሰጣል። ሙላቱ አስታጥቄ ቦስተን ያለው በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ የገባ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ነው። እዚያ የተማረውን የኮርድ ዕውቀት ይዞ የቅኝቶቹ ቀለም ሳይጠፋ እንዴት ከሥራቸው እንደሚያስቀምጠው ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶበታል። ጌታቸው መኩሪያ ደግሞ በሌላ በር ነው የመጣው። የጦር ሜዳውን ሽለላ በሳክስፎን ተጫወተው። ድምፁ ከጃዝ ትምህርት ቤት የተቀዳ አልነበረም፤ ግን የአውሮፓ የነፃ ሙዚቃ (በቦታው እየተፈጠረ የሚጫወት ሙዚቃ) ተጫዋቾች ጋብዘውት አብረውት ተጫውተዋል። ሁለቱም ቅኝቱን አልጣሉም።

ቅኝት ጃዝ ኮርድ ላይ የሚያምርበት ቦታም አለ። አምባሰልን ውሰድ፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ከዶ ግማሽ ድምፅ ከፍ ባለው ሜጀር ሰቨን ኮርድ ላይ፣ ማለትም ሬ ፍላት ሜጀር ሰቨን ላይ ተጫወተው። ፋ፣ ላ ፍላትና ዶ ኮርዱ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ ሶል ደግሞ የጃዝ ሰዎች ሊድያን የሚሉትን ብርሃን ታመጣለች። ወርክሾፑ ላይ ይህን ድምፅ በሌላ ስም አስተምረውህ ሊሆን ይችላል። አንተ ከልጅነትህ ታውቀዋለህ።

ማስጠንቀቂያዬ ግን አለ። ለመቀላቀል አትቸኩል። አሁን ብትቀላቅለው ኮርድ ያልተከተልክበትን ቦታ ሁሉ «ይሄ የኔ ስታይል ነው» ብለህ ትሸፍነዋለህ። ብዙ ጎበዝ የኛ ልጆች እዚህ ላይ ቆመው ቀርተዋል፤ ያሳዝነኛል። ሙላቱም መጀመሪያ ተማረ፣ ከዚያ ቀላቀለ። ቢያንስ አንድ ዓመት ብሉዙን እንደ ብሉዝ ተጫወተው። ሰርግ ላይ ደግሞ ትዝታውን እንደ ትዝታ ተጫወት። የሰርጉን ሥራ እንዳትተው፤ ሕያው ሰው ፊት የምትጫወትበት ቦታህ እሱ ነው።

ስለ 60ው ገጽ። ማስታወሻውን ዝጋው። ወርውረው ማለቴ አይደለም፤ ለሁለት ወር አትክፈተው ነው የምልህ። በምትኩ አንድ ሶሎ ከቀረጻ ላይ በጆሮህ ተማር። ታላቁ አልቶ ሳክስፎን ተጫዋች ቻርሊ ፓርከር 16 ዓመቱ ላይ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ጃም ሴሽን (ሙዚቀኞች ያለ ልምምድ ተሰብስበው የሚጫወቱበት መድረክ) ላይ ወጥቶ ተዋርዶ እንደወረደ፣ ድራመሩ ጆ ጆንስ ጸናጽል ከእግሩ ሥር እንደወረወረበት ሁሌ ይነገራል። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ይበልጥ ይጠቅምሃል። በ1937 ሰመር ኦዛርክ ወደሚባለው ተራራማ አገር ከባንድ ጋር ለሥራ ሄደ። የቴነር ሳክስፎን ተጫዋቹን የሌስተር ያንግን ሶሎዎች ከካውንት ቤሲ ባንድ ሸክላዎች ላይ በጆሮው እየሰማ ተማራቸው። ሲመለስ ሌላ ሰው ነበር። የሱም ትምህርት ቤት አንድ ሰመርና ጥቂት ሸክላ ነበር።

አንተም ከሌስተር ያንግ ጀምር፤ ወይም የሃምሳዎቹን ትራምፔት ተጫዋች ማይልስ ዴቪስን ያዝ። ድምፆቹ ጥቂት ናቸው፣ ዝምታቸው ብዙ ነው። 12 ባር ብቻ ምረጥ። መጀመሪያ አብረኸው መዘመር እስክትችል ስማው። ከዚያ በሳክስ፣ ከዚያ አብረኸው፣ ትንፋሹን ሳይቀር። ኢንተርኔት ላይ የተጻፈ ኖታ አትፈልግ። በአይንህ ካገኘኸው ጆሮህ ሥራውን ለአይንህ ይተውለታል። የዜማ መጻሕፍትም ላይ ጥንቃቄ አድርግ። ሪል ቡክ የሚሉት መጽሐፍ በሰባዎቹ ቦስተን ውስጥ ተማሪዎች በእጃቸው ጽፈው ያሰራጩት ነው፤ ስህተት ነበረው፣ አንዳንዱን ስህተት ዛሬም እንደ ትክክል ይጫወቱታል። ተጠራጠረው፤ ዳኛው ቀረጻው ነው።

ማውዝፒስ አትቀይር። ወርክሾፑ ላይ የብረት ማውዝፒስ ያላቸው ልጆች ደማቅ ድምፅ ሲያወጡ ሰምተህ ነው፤ ይገባኛል። አሁን ብትቀይር ድምፅህ ከታችኛው ከንፈርህና ከትንፋሽህ ጋር እንደገና መተዋወቅ ይኖርበታል። ልምምድህ ሁሉ እዚያ ላይ ያልቃል። ሪድህን (ማውዝፒሱ ላይ የሚታሰረውን ስስ ሸምበቆ) ግን በየጊዜው ለውጥ። ጫፉ የተሸረፈ ሪድ ይዘህ በራስህ ላይ አትፍረድ።

ሰውነትህንም እንዳትረሳው። ወርክሾፕ ላይ በቀን ሰባት ስምንት ሰዓት የተጫወተ ልጅ ከንፈሩ ውስጡ ይቆስላል። ከሳክሱ ክብደት ከፊሉን የሚሸከመው ቀኝ አውራ ጣት ይደነዝዛል። ይህ ካለብህ ሁለት ሦስት ቀን ሙሉ በሙሉ አርፈህ በቀን ሃያ ደቂቃ ጀምር፤ መደንዘዙ ካልተወህ ሐኪም ጋ ሂድ። ሕመምን ችሎ መጫወት ጀግንነት አይደለም። ጠባብ ክፍል ውስጥ ከድራም ጋር ቆይተህ ጆሮህ ውስጥ የሚጮህ ነገር ካለም ዝም አትበለው። ለሙዚቀኛ የሚሠራ የጆሮ መድፈኛ ግዛ። በነዚህ ጆሮዎች ነው ዕድሜህን ሙሉ የምትሠራው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፤ የሚቀጥለውን ዓመት ገንዘብ አሁን ለግል አስተማሪ አውለው። በየሳምንቱ አያስፈልግህም። በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል፣ የሚሰጥህን ለመሥራት ጊዜ ትፈልጋለህና። አስተማሪው ሳክስ ተጫዋች ባይሆንም ግድ የለም። እንዲያውም ላንተ ፒያኖ ተጫዋች ይሻልሃል፤ የጎደለህ ኮርድ መስማት ነው። የመጀመሪያ ቀን ስትሄድ ያቺን «ኮርዶቹ ይሄዳሉ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ንገረው። ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

ከዚያ ሦስት ሰው ፈልግ። ከሰርግ ባንድህ ቤዙን ተጫዋች ጠይቀው፤ ብሉዝ ለመማር የማይፈልግ ቤዝ ተጫዋች እስካሁን አላጋጠመኝም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁለት ሰዓት፣ አንድ ብሉዝና ወርክሾፑ ላይ ከተጫወታችሁት አንድ ዜማ ብቻ። ቅረጹት። በወር አንዴ የመጀመሪያውን ቅጂ ከመጨረሻው ጋር አስተያዩ። ዲሲ ቅርብህ ነው፤ ጃም ሴሽን ላይ ሄደህ አዳምጥ። መጀመሪያ ሁለት ሦስቴ ሳክስህን ሳትይዝ ሂድ። የትኞቹ ዜማዎች እንደሚደጋገሙ ጻፍ። የሚደጋገሙትን ነው በቃልህ መያዝ ያለብህ።

ወርክሾፑን ግን ለዘለዓለም ተወው አላልኩህም። ወርክሾፕ የሚጠቅመው ጥያቄ ይዞ ለሚሄድ ሰው ነው። ዘንድሮ ያለ ጥያቄ ሄደህ ጥያቄ ይዘህ ተመለስክ፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የካቲት አካባቢ ራስህን ፈትን። ስምንት ዜማ ያለ ወረቀት፣ ኮርዶቻቸውን በሳክስህ እየዘረዘርክ መጫወት ከቻልክ፣ አንድ ሙሉ ሶሎ በጆሮህ ከተማርክ፣ ያኔ አመልክት። ቀድመው ለሚያመለክቱ የክፍያ እርዳታ የሚሰጡ ብዙ ናቸው፤ ለመጠየቅ አትፈር። ስምንቱ ዜማ ካልሞላ ደግሞ አንድ ዓመት ቆይ። ለዛሬ ግን ሳክሱን አታውጣ። ኪቦርድ ፈልግና ፋ፣ ፋ፣ ሚ እያልክ ዘምር።